ጆንያ የለበሱ ሕንፃዎች፦ ጋናዊው የጥበብ ሰው ኢብራሂም ማሃማ

ጆንያ በገበሬ ቤት ሥራ ፈትቶ አያውቅም። መጀመሪያ እህል ይያዝበታል። እህሉ ሲያልቅ ከሰል ይሞላበታል። ከሰሉ ተሽጦ ሲመለስ ደግሞ ደጃፍ ላይ ይነጠፋል፣ የጥጃ ማደሪያ ይጋረድበታል፣ ወይም የሚያፈስ ጣሪያ ይወተፍበታል። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚደርስ የሚጠይቅ ብዙም የለም። በሰሜን ጋና በምትገኘው የታማሌ ከተማ የተወለደው ኢብራሂም ማሃማ ግን ይህንኑ ጥያቄ አንስቶ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቶበታል። ቲያትር ቤትን፣ የከተማ በርንና ሙዚየምን የሚያህሉ ግንባታዎችን ባረጀ ጆንያ አልብሷል። ዛሬ በዓለም የሥነ ጥበብ አደባባይ ስማቸው ቀድሞ ከሚጠራ አፍሪካውያን መካከልም አንዱ ነው።

ኢብራሂም የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሥነ ጥበብ የተማረው በኩማሲ ከተማ በሚገኘው የክዋሜ ንክሩማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን በ2010፣ ሁለተኛ ዲግሪውን በ2013 (እ.ኤ.አ.) ከዚያው አግኝቷል። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ስለ ሥራው ዓይነት አስቀድሞ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ቅርፃ ቅርጽ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ከድንጋይ የተፈለፈለ ወይም ከነሐስ የፈሰሰ የሰው ወይም የእንስሳ ምስል ነው። የኢብራሂም ሥራ ግን የማንንም መልክ አይቀርጽም። ሰዎች ተገልግለውበት ያበቁትን ዕቃ፣ ማለትም ጆንያን፣ የሊስትሮ ሣጥንን፣ የባቡር ወንበርንና የዓሣ ማጨሻ ሽቦን፣ በመቶና በሺህ ሰብስቦ ያያይዘዋል፤ ያቆመዋል ወይም ይሰቅለዋል። ተመልካቹ ፊት ለፊቱ ቆሞ ብቻ የሚያየው አይደለም፤ በሥሩና በመካከሉ ያልፋል። አንዳንዱ ሥራ የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲሆን፣ ጊዜው ሲያበቃ ተፈትቶ ይጫናል። ከዚያ ያው ጆንያ በሌላ ከተማ ሌላ ሕንፃ ላይ ይወጣል።

የጆንያው መንገድ ረጅም ነው። ጁት የተባለው ተክል በብዛት የሚበቅለው በባንግላዴሽና በሕንድ ወንዞች ዳር ነው። ግንዱ ታጭዶ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ሲላላ ልጡ ይገፈፋል፤ ይታጠባል፤ ይደርቃል፤ ይፈተላል። ጋና ጆንያውን የምትገዛው ካካዎዋን ለመጫን ነው። የካካዎን ዘር እ.ኤ.አ. በ1879 ወደ ጋና ያስገባው ቴቴ ኳርሺ የተባለ ሰው እንደሆነ የአገሪቱ ታሪክ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ጋና ከጎረቤቷ ከኮትዲቯር ቀጥሎ በካካዎ ስሟ የምትነሳ አገር ሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1947 የተቋቋመው የካካዎ ቦርድ የገበሬውን ምርት በጆንያ አስሞልቶ፣ አስመዝኖና ማኅተም አስደርጎ ወደ ወደብ ይልካል። የአንድ ጆንያ የተጣራ ክብደት 62.5 ኪሎ ግራም ነው፤ 16 ጆንያ አንድ ቶን ይሞላል። በእኛም አገር ለውጭ ገበያ የሚሄደው ቡና 60 ኪሎ በሚይዝ የጁት ጆንያ እንደሚጫን የቡና ገበሬዎቻችን ያውቃሉ።

እዚህ ላይ ከሙያዬ ጥቂት ልጨምር። በግብርና ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ በመጋዘን ልምምድ ላይ በመጀመሪያ ያስተማሩን ነገር ቢኖር ጁት የሚተነፍስ መሆኑን ነው። ካካዎ በጆንያ ከመግባቱ በፊት እርጥበቱ ወደ 7.5 በመቶ ዝቅ እንዲል ደርቆ ይቀርባል። እንዲያም ሆኖ በባሕር ላይ ሳምንታት ስለሚቆይ፣ አየር በማያሳልፍ ነገር ቢታፈን ላብ ይዞት ይሻግታል። ጁት ይህን ይከላከላል፤ ነቀዝን ግን አይከለክልም። ሽታንም ይይዛል። አንድ ጊዜ ሌላ ነገር የተያዘበት ጆንያ ለውጭ ገበያ ካካዎ ዳግም የማይመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። በጋና ገበያዎች ጆንያ ከካካዎ ወደ ሩዝ፣ ከሩዝ ወደ በቆሎና ማሽላ፣ በመጨረሻም ወደ ከሰል የሚወርደው ከዚህ የተነሣ ነው። ከከሰል ወዲያ መውረጃ የለውም።

ኢብራሂም የሚፈልገው እዚህ ደረጃ የደረሰውን ነው። አዲስ ጆንያ ይዞ ወደ ነጋዴዎች ይሄድና ባረጀው ይለውጣል። ለነጋዴው መልካም ንግድ ነው፤ አዲስ አግኝቶ ቡትቶ ይሰጣል። ለጥበብ ሰው ግን ውድ የሆነው ቡትቶው ነው። በላዩ ላይ የጋና ምርት መሆኑን የሚናገረው ማኅተም አለ። የነጋዴው ስም በቀለም ተጽፎበታል። የተቀደደበት ቦታ በሌላ ጨርቅ ተጥፏል። ከሰሉ ያጠቆረው፣ ዘይት የነካው፣ የሰው ትከሻ ያሻሸው ቦታ ሁሉ ይታያል። የገበሬን መጋዘን በየወሩ የሚጎበኝ ሰው እንደመሆኔ ጆንያ የታሪክ መዝገብ ነው ቢባል አልከራከርም። የአንድ ቤት ምርት ስንት እንደነበር፣ ለማን እንደተሸጠና በምን እንደተጠገነ ጆንያው ላይ ይነበባል። የመጨረሻው ጭነት ከሰል መሆኑም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ የሰሜን ጋና ሜዳ ዛፎች እየተቆረጡ ወደ ደቡብ ከተሞች የሚጓዙት በዚሁ ጆንያ ነው።

ጆንያዎቹን የሚሰፋቸው ብቻውን አይደለም። በገበያ ሥፍራ፣ በተተወ የባቡር ጣቢያና በአሮጌ መጋዘን ወጣቶችንና ሴቶችን በክፍያ ያሰባስባል። መሬት ላይ ተቀምጠው ወፍራም መርፌና ሲባጎ ይዘው ይሰፋሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሥራ ፍለጋ የወረዱ ናቸው። የሰሜን ጋና ልጃገረዶች በአክራና በኩማሲ ገበያዎች በራሳቸው ላይ ሸክም ተሸክመው ይኖራሉ። ከሠራተኞቹ መካከል አንዳንዶቹ ስማቸውንና የትውልድ ሥፍራቸውን በክንዳቸው ላይ ተነቅሰዋል። ምክንያቱ ጌጥ አይደለም፤ በሰው አገር አደጋ ቢደርስ ወይም ሞት ቢመጣ ወገን እንዲያውቃቸው ነው። ኢብራሂም እነዚህን ክንዶች ፎቶግራፍ አንሥቶ ከጆንያው ሥራ ጎን ለጎን አሳይቷል። የነጋዴው ስም በጆንያ ላይ፣ የሸክም ሠራተኛዋ ስም በክንዷ ላይ መጻፉን አንድ ላይ ሲያዩት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከሥራዎቹ ሁሉ እኔን የነካኝ ይህ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች ያሳየው እዚያው በገበያ መካከል ነበር። በአክራ ማላም አታ ገበያ የተሰፋውን ጆንያ በከሰል ክምር ላይ ሲዘረጋ ዕቃው ከመጣበት አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የአክራን ብሔራዊ ቲያትር በጆንያ አለበሰ። በነጭ ግድግዳው የሚታወቀው ያ ሕንፃ ለጊዜው ቡናማና ጥቁር ሆነ።

ከዚያ በፊት በ2015 በቬኒስ ቢኤናሌ ላይ ቀርቦ ነበር። ቬኒስ ቢኤናሌ በጣሊያን በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ታላቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ነው። የዚያን ዓመት ዐውደ ርእይ የመራው በናይጄሪያ የተወለደው ኦኩይ ኤንዌዞር ሲሆን፣ ይህን ኃላፊነት የያዘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነበር። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ኢብራሂም በጥንቱ የመርከብ መሥሪያ ግቢ ያለውን ረጅም መተላለፊያ ከሁለቱም ወገን በጆንያ ሸፈነው። ጎብኚው በሁለት የጆንያ ግድግዳዎች መካከል ለደቂቃዎች መራመድ ነበረበት። የመርከብ መሥሪያው የቬኒስ ንግድ ጉልበት የተገነባበት ስለነበር፣ የጭነት ጆንያው እንግዳ ሆኖ አልቆመም።

በ2017 ዶክመንታ የተባለው ዐውደ ርእይ በግሪክ አቴንስና በጀርመን ካሰል ሲካሄድ በሁለቱም ተገኝቷል። በአቴንስ ሲንታግማ አደባባይ ሰዎች ተሰብስበው ጆንያ ሲሰፉ ዋሉ፤ በካሰል የቀድሞዎቹ የከተማ በር ጥበቃ ቤቶች ለበሱ። በ2019 ደግሞ በጣሊያን ሚላን ፖርታ ቬኔዚያ የሚባለው የከተማ መግቢያ ተረኛ ሆነ። በዚህ በር ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት ሕንፃዎች ቀድሞ ወደ ከተማዋ የሚገባ ሸቀጥ የሚቀረጥባቸው፣ በእኛ አነጋገር ኬላ ነበሩ። ገበያ ለመድረስ ኬላ የቆረጠ ሁሉ የዚህን ሥራ ቁም ነገር ከሐያስያን ቀድሞ የሚረዳ ይመስለኛል።

ሕንፃን በጨርቅ መሸፈን በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ክሪስቶና ዣን ክሎድ የተባሉት ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1995 በበርሊን የጀርመንን ምክር ቤት ሕንፃ በብርማ ጨርቅ ጠቅልለውት ነበር። የእነርሱ ጨርቅ ግን ለዚያ ሥራ ተብሎ የተመረተ፣ ንጹሕና አንድ ዓይነት ነበር። የኢብራሂም ጆንያ አስቀድሞ ኖሮ፣ ደክሞና ቆሽሾ የመጣ ነው።

አንባቢ ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ አለ። በገበያ ዋጋ የማይጠራ የከሰል ጆንያ በአውሮፓ በብዙ ገንዘብ ሲሸጥ ገንዘቡ የማን ነው? ኢብራሂም ራሱ በወጣትነቱ በዚህ ነገር ተፈትኗል። ጆንያዎቹን የገዙ ሁለት የሥነ ጥበብ ነጋዴዎች ትልቁን ሥራ ብዙ ትንንሽ ቁራጭ አድርገው፣ በእንጨት ፍሬም ወጥረው እንደየብቻ ሥዕል ለመሸጥ ተነሡ። እርሱ ቁርጥራጮቹ የእኔ ሥራ አይደሉም ሲል አስታወቀ። ነጋዴዎቹ ከሰሱት። ክርክሩ በ2016 በስምምነት ተቋጨ። ለእርሻ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። አምራቹ በጅምላ ያስረከበውን ሌላው በችርቻሮ ሲበታትነው ትርፉም ስሙም ከአምራቹ እጅ ይወጣል። ገንዘቡ ወዴት እንደሄደ ግን በኋላ እንመለስበታለን።

ከጆንያ ሌላ ከሠራባቸው ዕቃዎች ለእኛ ቅርብ የሆነው የሊስትሮ ሣጥን ነው። የጋና ጫማ ጠራጊና ሰፊ ልጆች ከተጣለ ሳንቃ ራሳቸው መትተው የሚሠሩት ሣጥን ውስጡ ብሩሽ፣ ቀለምና መርፌ ይይዛል፤ ላዩ የጫማ ማሳረፊያ ነው፤ ደንበኛ ሲፈልጉም እንደ ከበሮ ይመቱታል። ይህን ድምፅ ከባሕር ዳር እስከ ደሴ የማያውቀው የለም። ኢብራሂም እነዚህን ሣጥኖች በመቶዎች ሰብስቦ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደረ ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጥ ግድግዳ አቁሟል። ከሣጥኖቹ መካከል ተረከዝ፣ መዶሻና የጨርቅ ቁራጭ ተሰክቶ ይታያል። አሠራሩም በመለዋወጥ ነበር፤ አሮጌ ለሰጠ አዲስ ይሰጣል።

በ2019 በእንግሊዝ ማንቸስተር ያሳየው ሥራ ደግሞ የመናፍስት ምክር ቤት የሚል ትርጉም ያለው ስም ነበረው። ከተጣሉ የጋና ባቡሮች የወጡ የሁለተኛ ማዕረግ ወንበሮችን እንደ ምክር ቤት መቀመጫ ትይዩ ደረደራቸው፤ ከአሮጌ ትምህርት ቤቶች የመጡ ዕቃዎችም ታከሉበት። የጋና ባቡር በቅኝ ግዛት ዘመን ከሴኮንዲ የባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በ1903 ኩማሲ የደረሰ፣ ወርቅና ካካዎ ለማውጣት የተዘረጋ መስመር ነው። አገሪቱ በ1957 ነፃ ስትወጣ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በኋላ ግን አብዛኛው ዛገ። ጎብኚዎች ወንበሮቹ ላይ እንዲቀመጡና እንዲወያዩ ተፈቅዶ ነበር።

በቅርብ ዓመታት ወደ ጨርቅ ይበልጥ አዘንብሏል። በ2024 በለንደን ባርቢካን የተባለውን ግዙፍ የሲሚንቶ ሕንፃ ከፊል ገጽታ ሐምራዊና ሮዝ በሆነ የእጅ ሥራ ጨርቅ ሸፈነው። ስፋቱ 2,000 ካሬ ሜትር ያህል ነበር። ስሙን የወሰደው ናይጄሪያዊቷ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ እ.ኤ.አ. በ2003 ካሳተመችው ሐምራዊ ሂቢስከስ ከተባለ ልብ ወለድ ነው። ጨርቁን በታማሌ ሸማኔዎችና ሰፊዎች በእጃቸው ሠርተውታል፤ የሚዘረጋበት ቤት ስላልተገኘ መስፋቱ የተከናወነው በከተማዋ ስታዲየም ነበር። በጨርቁ ላይ ባታካሪ የሚባለው የሰሜን ጋና ቀሚስ መሰል ልብስ መቶ ያህል ተሰፍቶበታል። ባታካሪ ከጠባብ የጥጥ ሸማ ቁራጮች ተጋጥሞ የሚሰፋ፣ ከአባት ለልጅ የሚወርድ ልብስ ነው። ጥበቡ የእኛን የሸማ ሥራ ለሚያውቅ እንግዳ አይሆንም። አንዳንዶቹ ልብሶች ለዓመታት በየቤቱ ሣጥን የኖሩ ሲሆኑ፣ ቤተሰቦቹ ለሥራው ለመስጠት የተስማሙት ከብዙ ንግግር በኋላ ነው።

ያረጀ ዕቃን ወደ ትልቅ ጥበብ በመለወጥ ኢብራሂም የመጀመሪያው አይደለም። የአገሩ ልጅና ታላቁ ኤል አናትሱዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የተወለደ፣ ዕድሜውን በናይጄሪያ ንሱካ በማስተማር ያሳለፈ፣ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳኖችን በመዳብ ሽቦ አያይዞ እንደ ጋቢ የሚንጠለጠል ግዙፍ ሥራ ይሠራል። በአገራችንም ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ በሚገዛው የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦና ሰሌዳ ትላልቅ ሥራዎችን ያሰናዳል፤ ቀደም ሲል ደግሞ በክርና በቁልፍ ይሠራ ነበር። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየም አዲስ አበባ ውስጥ ከጭቃና ከጭድ የተሠሩ ሕንፃዎች አሉት። ወደ መዲናዋ ለጉዳይ የሚሄድ ገበሬ ግማሽ ቀን ቢተርፈው ያንን የጭቃ ግድግዳ ማየት አይቆጨውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ኢብራሂም በውጭ ከሚሸጣቸው ሥራዎች የሚያገኘውን አብዛኛውን ወደ ታማሌ መልሶ ሦስት ሥፍራዎችን አቋቁሟል። የመጀመሪያው በ2019 የተከፈተው የሳቫና የዘመናዊ ጥበብ ማዕከል ነው። ሁለተኛው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው ሬድ ክሌይ፣ ማለትም ቀይ ሸክላ፣ በቀይ ጡብ የተሠራ ሰፊ ግቢ ነው። በግቢው ከአገልግሎት የወጡ አሮጌ አውሮፕላኖች ቆመዋል፤ በጭነት መኪና ተጎትተው ከገቡ በኋላ ውስጣቸው ለሕፃናት መማሪያ ክፍል ሆኗል። ከማንቸስተር የተመለሰው የወንበሮች ምክር ቤትም በዚያው በጡብ ቋሚ ቤት ተሠርቶለታል። መግቢያው በነፃ ነው። በየጊዜው ከገጠር ትምህርት ቤቶች ልጆች በአውቶቡስ ይመጣሉ።

ሦስተኛው ሥፍራ ለእኔ ከሁሉም ይልቅ የሚያነጋግር ነው። ክዋሜ ንክሩማ ጋናን ሲመሩ በ1960ዎቹ በየቦታው ታላላቅ የእህልና የካካዎ ማከማቻዎች እንዲገነቡ አዝዘው ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ምርቱን በአገር ውስጥ ማቆየት የሚችል ሻጭ ዋጋ ሲወድቅ አይሸጥም። ጎተራ ያለው ገበሬ በመከር ማግሥት ከነጋዴ ጋር ሲከራከር ድምፁ የተለየ እንደሚሆን ሁላችን እናውቃለን፤ የአዲስ አበባው ጎተራ ሠፈርም ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻው ነው። ንክሩማ ግን በየካቲት 1966 በመፈንቅለ መንግሥት ከሥልጣን ወረዱ። ከማከማቻዎቹ አንዳንዶቹ ሳይጠናቀቁ ቀሩ። በታማሌ የቆመው አንዱ ማከማቻ አንድም እህል ሳይገባበት ለአሥርተ ዓመታት ኖረ። ኢብራሂም ይህን ሕንፃ ገዝቶ ንክሩማ ቮሊኒ ብሎ ሰየመው፤ ቮሊኒ በዳግባኒ ቋንቋ ጉድጓድን፣ የውስጥ ሥፍራን የሚያመለክት ቃል ነው። በውስጡ ውኃ ቋጥሮ፣ የሌሊት ወፎችም ሰፍረውበት ነበር። ውኃው ሲወጣ ወፎቹን አላባረራቸውም። ዛሬም በጎተራው ጣሪያ ተሰቅለው ይውላሉ፤ ሲመሽ ደግሞ በታማሌ ሰማይ ላይ ይበተናሉ።